ደጋኑ ሲንቀጠቀጥ፤ በኅብረት ሲጫወቱ የሚመጣ የመድረክ ፍርሃት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ሙዚቃን ከሌሎች ጋር የሚጫወቱ ሰዎችን ስለሚይዝ ፍርሃት ነው፤ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያደርግና በምን እንደሚረታ።

ይህን ፍርሃት ለማየት በካርቱም ከሚገኘው የጀሪፍ ሰፈር እንነሣ። ከጣና የተነሣው ዓባይ ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት የጀሪፍን ሰፈሮች በግራና በቀኝ ትቶ ያልፋል። በአንዱ ዳርቻ ምዕራብ ጀሪፍ፣ በማዶው ምሥራቅ ጀሪፍ አለ። ሱዳናውያን ጀሪፍን የሚያነሡት ከወንዙ ደለል በሚሠራው ቀይ ጡብና በጡብ ማቃጠያዎቹ ነው። ሐበሾች ግን የሚያውቁት እንደ ሁለተኛ አገር ነው። ለብዙ ዓመታት በስደትም ሆነ በሥራ ፍለጋ ካርቱም የገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ቤት የተከራዩት እዚያ ስለነበር፣ በሰፈሩ መንገዶች ከዓረብኛው ጎን አማርኛና ትግርኛ ይሰማ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰፈር ያለ ሙዚቃ አይውልም። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ፣ በቤተ ክርስቲያንና በጸሎት ቤት ደግሞ መዝሙር አለ። ችግሩ ተጫዋቹ ነው። በስደት አገር ሙዚቀኛ ተመርጦ አይመጣም፤ ክራር የያዘ፣ ኪቦርድ የሚነካካ፣ ከበሮ መምታት የለመደ ሁሉ ይጠራል። ቀኑን በሰው ቤት ወይም በምግብ ቤት ሲሠራ የዋለ ወጣት፣ ማታ ከማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ሁለት መቶ እንግዳ ፊት ይቆማል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ የጀሪፍ ሰው ተበትኗል። ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል፤ ሌላው ወደ ሌላ ስደት አልፏል። የትም ይድረስ የት ግን፣ ሦስት ሐበሾች በተሰበሰቡበት አንዱ መሣሪያ ማንሣቱ፣ ሌሎቹም አጅበን ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ያ የታወቀ ፍርሃት አብሮ ይመጣል።

በመጀመሪያ ፍርሃቱ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ይጠቅማል። ሰው አደጋ የተጋረጠበት ሲመስለው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም ከቆዳና ከጣት ወደ ታላላቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፣ ምራቅ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ከጅብ ለሚሸሽ ሰው ሕይወት አዳኝ ነው። ማሲንቆ ለሚጫወት ሰው ግን እያንዳንዱ ለውጥ መሣሪያው ላይ ይወድቃል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ስላለው ደጋኑን የያዘው እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ድምፁም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ መደበቂያ የለውም። ዋሽንት ነፊው ከንፈሩ ይደርቅበታል። ክራር መቺው ጣቱ ይቀዘቅዝና ከጅማቱ ይስታል። ድምፃዊው ረጅሙን ስንኝ የሚያደርስበት ትንፋሽ ያጣል።

ከበሮ መቺው ግን የተለየ ነው፣ በኅብረት ለሚጫወቱ ሰዎችም ትልቁ ትምህርት ያለው እሱ ጋ ነው። የፈራ ከበሮ መቺ ይቸኩላል። ሰውነቱ ስለተቀሰቀሰ ትክክለኛው ምት የዘገየ ይመስለዋል። በልምምድ ጊዜ እርጋታ የነበረው የችክችካ ምት መድረክ ላይ ሲወጣ እየፈጠነ ይሄዳል። ኪቦርዱ ይከተለዋል፣ ድምፃዊው ቃላቱን መዋጥ ይጀምራል፣ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻው አልደርስ ይለዋል። የአንዱ ፍርሃት በምት በኩል ወደ ሁሉም ተላለፈ ማለት ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ፍርሃቱ የራሱ ነው፤ በቡድን ግን ፍርሃት ይጋባል። ደግነቱ፣ መረጋጋትም በዚያው መንገድ ይጋባል።

ብዙ ጀማሪ ይህ ሕመም የእሱ ብቻ ይመስለዋል፤ ችሎታ ስለሌለኝ ነው ብሎም መሣሪያውን ያስቀምጣል። የሙዚቃ ታሪክ የሚናገረው ሌላ ነው። ስፔናዊው የሴሎ ተጫዋች ፓብሎ ካዛልስ በዘመኑ በዓለም ላይ ወደር ያልተገኘለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 በካሊፎርኒያ ታማልፓይስ ከሚባል ተራራ ሲወርድ ድንጋይ ተንከባልሎ የግራ እጁን ጣቶች ጨፈለቀበት። ካዛልስ በሽምግልናው ዘመን እንደተረከው፣ በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ከእንግዲህ ሴሎ መጫወት የለብኝም የሚል እፎይታ ነበር። ያን ያህል ነበር መድረክን የሚፈራው። ጣቶቹ ድነው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 በ96 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከሙዚቃ አልተለየም፤ ፍርሃቱም ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

ፒያኒስቱ ቭላድሚር ሆሮዊትዝም እ.ኤ.አ. በ1953 ከመድረክ ርቆ ለ12 ዓመታት በሕዝብ ፊት አልተጫወተም። በ1965 ኒው ዮርክ ውስጥ በካርኔጊ አዳራሽ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ መክፈቻ ላይ ጣቱ ስቶ የተሳሳቱ ድምፆች ወጡ። በቀጥታ የተቀዳው ቅጂ እስከ ዛሬ ያሰማቸዋል። ሆሮዊትዝ አልቆመም፤ አለፋቸው። ያ ምሽት በፒያኖ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በአሜሪካ የሲምፎኒና የኦፔራ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች መካከል በተደረገ ጥናት ከ2,000 በላይ ባለሙያዎች መልስ ሰጥተው ነበር፤ ከአራቱ አንድ ገደማ የሚሆኑት የመድረክ ፍርሃት እንደሚያስቸግራቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ይኸው የሆነ፣ በየሳምንቱ መድረክ የሚወጡ ናቸው። ፍርሃት እንግዲህ የችሎታ ማነስ ምስክር አይደለም።

ታዲያ ሰው ፊት ስንወጣ ለምንድን ነው አንዱ የሚያምርለት፣ ሌላው የሚበላሽበት? ለዚህ በ1965 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ የሰጠው ማብራሪያ ለሙዚቀኛ እጅግ ይጠቅማል። እንደ እሱ አገላለጽ፣ የሌላ ሰው መኖር ሰውነትን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰ ሰውነት ደግሞ ከሁሉ በላይ የለመደውን ነገር ያወጣል። ሥራው በደንብ የተለመደ ከሆነ በሰው ፊት ይበልጥ ያምራል። ገና ያልበሰለ ከሆነ የሚወጣው ስሕተቱ ነው። ስለዚህ አንድን ዘፈን ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ አሳምሬ ተጫወትኩት ብሎ መድረክ መውጣት ራስን ማታለል ነው። ደክሞ፣ ተርቦ፣ ልጆች እየጮኹ፣ ከጎን ሰው እያወራ ሲጫወቱትም የማይጠፋ እስኪሆን ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል። የሰርግ ሙዚቀኛ የሚጫወተው እንዲህ ባለ ሁካታ ውስጥ ነውና፣ ጸጥ ባለ ክፍል ብቻ የተለማመደ ሰው ለሌላ ቦታ እንደተዘጋጀ ይቆጠራል።

ለመድረክ የመዘጋጀቱ አንዱ ግማሽ ይህ መደጋገም ነው። ሌላው ግማሽ የትኩረት ጉዳይ ሲሆን፣ በኅብረት ለሚጫወት ሰው ዋናው መድኃኒት እዚያ ይገኛል። የፈራ ሰው ራሱን ይመለከታል፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አሁን እሳሳታለሁ፣ ሰው እያየኝ ነው ይላል። ጣቶቹ ሳያስብባቸው ይሠሩት የነበረውን ሥራ አንድ በአንድ ሊቆጣጠራቸው ሲሞክር ያሰናክላቸዋል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ከዚህ መውጫው ጠባብ ነው። በቡድን የሚጫወት ግን ዐይኑንና ጆሮውን የሚያሳርፍበት ሌላ ሰው ከጎኑ አለ። የቤዝ ጊታሩን ድምፅ እየለየ የሚያዳምጥ፣ የከበሮ መቺውን እጅ የሚያይ፣ ድምፃዊቷ ትንፋሽ የምትስብበትን ቦታ የሚጠብቅ ሰው፣ ራሱን የሚመረምርበት ትርፍ ጊዜ አይኖረውም። ጀማሪዎች የቡድን አባላትን እንደ ዳኛ ስለሚያዩ ይህን ዕድል ያባክኑታል።

ይህን ትምህርት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት፣ ሰውን ከፍርሃት አውጥቶ በኅብረት ዜማ ውስጥ የሚያቆም የረቀቀ ሥርዐት ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይህ አቋቋም ብቻውን ብዙ ይሠራል፤ ዘማሪው የሚያየው ከማዶ ያለውን ባልደረባውን ነው። መሪው ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። አንድ ሰው ዜማው ቢጠፋበት ተራው እስኪመለስ ያደምጣል፤ ከጎኑ ያለው ድምፅ ይዞት ይነሣል።

ከዚህ የበለጠው ጥበብ በአቋቋሙ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ማኅሌቱ ከጥድፊያ አይጀምርም። በመጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በድምፅ ብቻ ይባላል። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጽፋት ላይ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። አንዱን ዜማ በዚህ ሁሉ ደረጃ ያለፈ ዘማሪ ፈጣኑ ክፍል ላይ ሲደርስ ትንፋሹም፣ እግሩም፣ ጆሮውም ከሌሎቹ ጋር ተዋሕዷል። ዓለማዊ ሙዚቃ የሚጫወት ቡድንም ከዚህ ብዙ ሊቀዳ ይችላል። አዲስ ዘፈን ሲያነሡ መጀመሪያ መሣሪያ አስቀምጦ በድምፅ ማዜም፣ ቀጥሎ በጭብጨባና በእግር ምቱን መያዝ፣ ከዚያ በዝግታ በመሣሪያ መጫወት፣ ፍጥነቱን በመጨረሻ መጨመር። መድረክ ላይም የምሽቱን መክፈቻ ከባዱንና ፈጣኑን ዘፈን ማድረግ አይመከርም። ቀዝቃዛ ጣትና የሚሮጥ ልብ ይዞ ወደ ጉራግኛ ምት መግባት ራስን መፈተን ነው፤ በትዝታ ወይም በሌላ ረጋ ያለ ዜማ የጀመረ ቡድን ግን እርስ በርሱ ይሰማማል።

የአቋቋም ተማሪ ከመምራቱ በፊት ዓመታት ይቀበላል። በመሪጌታው ፊት ተደጋግሞ ይታረማል፣ በሰልፉ ጫፍ ቆሞ ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንዲመራ የሚታዘዘው። የአዝማሪ ልጅም እንዲሁ ነው። በጎንደር አካባቢ ቡርቧክስን በመሰሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ ከወላጆቹ ጋር ድግስ ለድግስ እየዞረ፣ መጀመሪያ እየተቀበለ ያድጋል። ሰው ፊት መቆምን ለብቻው የሚማርበት ቀን የለም፤ ከጨዋታው ጋር አብሮ ይገባዋል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው አዝማሪ ግጥም ቢጠፋው የማይደነግጠው። ማሲንቆውን መምታቱን ይቀጥላል፣ አጋሩ አዝማቹን ታነሣለች፣ ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ ስንኝ ያቀብለዋል፣ እሱም ተቀብሎ ይቀጥላል። አድማጩ ራሱ የቡድኑ አባል ነው።

ሱዳኖችም በዚህ ረገድ ለጀሪፍ ሐበሾች ጥሩ ጎረቤቶች ነበሩ። በሱዳን ሰርግ ላይ ታዳሚው ወደ ዘፋኙ ተጠግቶ እጁን ከፍ አድርጎ ጣቱን ያጮኻል፤ አበጀህ፣ ከአንተ ጋር ነን ማለቱ ነው። ሴቶቹ ደሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ሲመቱ አንዷ ታወጣለች፣ የቀሩት በጭብጨባና በድምፅ ይቀበላሉ። ቅኝቱም ሩቅ አይደለም። የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዜማ እንደ ኢትዮጵያ ደጋ ዜማ ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ጠምቡራቸውም ከክራራችን ጋር ዘመድ ነው። ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ወርዲ ዓረብኛ በማይሰማው የኢትዮጵያ አድማጭ ዘንድ ያን ያህል የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ኮንሰርት በአልበም እስከ መውጣት ደርሷል። ይሁንና የቅኝት ዝምድና ምትን አያስተምርም። ከሱዳናውያን ጋር እንዲጫወት የተጠራ የክራር ወይም የኪቦርድ ተጫዋች መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ከእነሱ ጋር ቆሞ ቢያጨበጭብ ከግማሽ በላይ ፍርሃቱ ይለቀዋል። የማያውቁት ምት ነው ሰውን የሚያስደነግጠው፤ ማጨብጨብ ደግሞ የሚያሳፍር ስሕተት የለውም።

አብሮ ማዜም በልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ በሳይንስም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድነት የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለክተው ነበር። ዘማሪዎቹ አንድ ዐይነት ዜማ ሲያዜሙ ትንፋሻቸው በስንኙ ርዝመት አንድ ይሆናል፤ የልባቸው ምትም አብሮ ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ረጅም አወጣጥ ልብን ያዘገያል። ስለዚህ ከመድረክ በፊት ጥግ ይዞ ብቻ መንቆራጠጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ቡድኑ በአንድነት ቆሞ የመጀመሪያውን ዘፈን አዝማች ሁለት ሦስት ጊዜ በለሆሳስ ቢያዜም፣ አየሩን በቀስታ እያስወጣ ቢያጉረመርም፣ ልቦቹ ይሰክናሉ፣ ፍጥነቱም አስቀድሞ ይስማማል። ያ ቸኳይ ከበሮ መቺ የሚፈወሰውም እዚህ ላይ ነው።

ልብ ሙሉ በሙሉ ባይሰክንም ችግር የለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የሐርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ ባሳተመችው ጥናት ሰዎች በሌሎች ፊት ከመዝፈናቸው በፊት አንዳንዶቹ ፈርቻለሁ፣ አንዳንዶቹ ጓጉቻለሁ እንዲሉ ተደርጎ ነበር። ጓጉቻለሁ ያሉት አዘፋፈናቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የሚጓጓም የሚፈራም ሰው ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ስለዚህ የፈጠነን ልብ ተረጋጋ ብሎ ከመጨቅጨቅ ወደ ጉጉት ማዞር ይቀላል።

ከሁሉ ይልቅ ቡድኖች የሚዘነጉት ልምምድ ግን መሳሳትን መለማመድ ነው። በቤት ውስጥ ልምምድ ጊዜ አንድ ሰው ሲስት ሁሉም ያቆማል፣ ይሳቃል፣ ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህ ልማድ መድረክ ላይ ጠላት ይሆናል፤ ምክንያቱም ቡድኑ ሲስት ማቆምን እንጂ መቀጠልን አልተማረም። ከሰርጉ ወይም ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ምንም ቢፈጠር የማይቆምበት ልምምድ መኖር አለበት። የአማርኛ ዘፈን ለዚህ የተመቸ ነው፤ አዝማቹ እየተመላለሰ ይመጣል። በስንኙ መካከል የጠፋበት ሰው እጁን አንሥቶ፣ ምቱን በእግሩ ይዞ፣ አዝማቹ ሲመጣ ቢገባ አድማጩ የቅንብሩ አካል አድርጎ ይወስደዋል። ቡድኑ አስቀድሞ ሊስማማበት የሚገባውም ይኸው ነው፤ ማን ቢጠፋ ማን ይዞ ይቆያል፣ ማብቂያውን በዐይን የሚሰጠው ማን ነው፣ ድምፃዊው ቃል ቢረሳ አዝማቹን የሚያነሣው ማን ነው። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች መሳሳት የሚፈራበት ምክንያት ግማሹ ተወግዶለታል።

ስለ መጠጥና ስለ ክኒንም ሳይነገር አይታለፍም። ድፍረት ፍለጋ አንድ ሁለት ብለው መድረክ የሚወጡ አሉ። መጠጥ ፍርሃትን ያደነዝዛል፤ ምትንም አብሮ ያደነዝዛል፤ በብቸኛ ተጫዋች ላይ ላያስታውቅ ይችላል፣ በቡድን ግን ሁሉም ይሰማዋል። ጫትም ልብን ያፈጥናል፤ የፈጠነ ልብ ላይ መጨመር ነው። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብ መድኃኒት የእጅ መንቀጥቀጥን ስለሚቀንስ በውጭው ዓለም ብዙ ሙዚቀኞች ይወስዱታል፤ ከላይ በተጠቀሰው የ1987 ጥናት ከመለሱት ውስጥ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ይህን መሰል መድኃኒት እንደወሰዱ ተናግረዋል። አስም ላለበት ሰው ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ምቱ ዝግ ያለ ሰውንም ይጎዳል። ከጓደኛ ኪስ ወጥቶ የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከሰው የሚያርቅ ከሆነም ያው ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መሄድ ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከጨዋታው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ብዙ ጀማሪ መሣሪያውን የሚሰቅለው መድረክ ላይ ስለተሳሳተ ብቻ አይደለም፤ ከመድረክ ሲወርድ በተነገረው ቃል ነው። ያን ሰዓት የሰው ልብ ገና አልበረደም፤ አንዲት ወቀሳ ከሚገባት በላይ ትገባለች። ልምድ ያላቸው ቡድኖች በዚያ ምሽት መሣሪያ አሰባስበው፣ እራት በልተው፣ ተጨዋውተው ይለያያሉ። ጨዋታው በስልክ ተቀድቶ ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አብረው ተቀምጠው ያዳምጡታል። ያኔ ተጫዋቹ ዓለም የወደቀበት መስሎት የነበረውን ስሕተት ፈልጎ ያጣዋል፤ ወይም ያገኘውና ከሌሎቹ ጋር ሆኖ የቱ ጋ ምቱ እንደፈጠነ ይለያል፣ ያንኑ ቦታ ይዘው በዚያው ቀን ልምምዱን ይቀጥላሉ።